የአራት ሰዓቱ አደራ

ጋሽ ዘውዴ ማረፋቸውን የሰማሁት የቢሯችን ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው። ነፋስ ያጣመመውን አንቴና እያቃናሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ አለቃችን ሐጂ ጀማል ነበሩ። "ሰናይት፣ ምዜ አረፈ" አሉኝ። ምዜ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው፤ በኬንያዋ ሞያሌ ግማሹ ሰው ጋሽ ዘውዴን የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር። "እሺ ሐጂ" አልኩና ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ አንቴናውን አቃንቼ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ፣ መፍቻዎቹን ሰብስቤ ነው የወረድኩት። ጠንካራ ሆኜ አይደለም። ሥራ አጋምሶ መውረድ እሳቸው ዘንድ ነውር ስለነበረ እጄ በራሱ ጊዜ ጨረሰው። ያለቀስኩት መሰላሉ ሥር ነው።

ስለ ሟች ደግ ደጉን ማውራት ወግ ነው፤ እኔም ብዙ ደግ ነገር አለኝ። ግን አንዱን ነገር አስቀድሜ ካልተናገርኩ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ጋሽ ዘውዴ የተቀበሩት የኔን ጥፋት በስማቸው ይዘው ነው። አንዲት እናት ልጇን ባጣችበት ቀን የተሠራ ጥፋት ነው፤ አገሩ ሁሉ ያጠፉት እሳቸው ናቸው ብሎ ያምናል። እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ዘበኛ መስለውኝ ነበር። ናይሮቢ ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አሽጌ፣ ሐጂ ጀማል የሰጡኝን ሥራ ልጀምር ስመጣ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በቢላ ሽቦ ይልጣሉ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። "አባባ፣ ቴክኒሻኑ የሉም?" አልኳቸው። "አሉ፣ ግቢና ጠብቂ" አሉኝ። ገብቼ ባዶ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጎለትኩ። በኋላ እጃቸውን በመሐረብ እያደረቁ ገቡ፤ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉና "ቴክኒሻኑ መጥቷል፤ ምን ልታዘዝ?" አሉኝ። አልሳቁም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

በወታደርነታቸው ዘመን የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥና ጦሩ ሲበተን ድንበሩን በእግራቸው ተሻግረው ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ገቡ። እኔም የተወለድኩት እዚያው ካምፕ ነው፤ አባቴ እንደሳቸው ወታደር ነበር። ካምፑ ተዘግቶ ሌላው ሰው በመኪና እየተጫነ ሲሄድ እሳቸው ሞያሌ ቀሩ። መጀመሪያ ሬዲዮ ጠገኑ፣ ቀጥሎ ሞባይል፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር። ማንም ያስተማራቸው የለም፤ የተበላሸ ነገር ፈተው ለምን እንደተበላሸ እስኪገባቸው ድረስ አይተኙም። እንግሊዝኛቸው የወታደር ሬዲዮ እንግሊዝኛ ነው፣ አጭርና ቁጣ ቁጣ የሚል። ቦረንኛቸው ግን ከአማርኛቸው ይጣፍጣል ይባል ነበር።

የእጅ ሰዓታቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሚሄደው። ይህ በሞያሌ ማንንም አያስቸግርም። አማርኛ ተናጋሪውም፣ ቦረናውም፣ ስዋሂሊ ተናጋሪውም ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ አራት ሰዓት ካልነው ረፋድ ነው፣ ገበያው የሚሟሟቅበት። ያንኑ ረፋድ አሥር ሰዓት ብለው የሚጠሩት መሥሪያ ቤትና ማሽን ብቻ ናቸው። ከዚህ የተነሳ ሁላችንም ጭንቅላታችን ውስጥ ሁለት ሰዓት ይዘን እንኖራለን፤ ስለለመድነው አይታወቀንም።

የሐጂ ጀማል ድርጅት ትንሽ ናት። ገመድ ላልደረሰባቸው መንደሮች ኢንተርኔት በአየር እናደርሳለን። በየመንደሩ ማማ አለ፤ ማማው ሥር የተቆለፈ የብረት ሣጥን፣ ሣጥኑ ውስጥ ኔትወርኩን የሚያከፋፍሉ መሣሪያዎችና በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ። ችግሩ መንገዱ ነው። በፊት አንድ ማሽን በተሳሳተ ቁጥር ኮምፒውተር አዝሎ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጦ፣ አቧራ እየቃሙ መሄድ ግድ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ እሱም የለም። እያንዳንዱ መሣሪያ ከጀርባው ኮንሶል የምትባል ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ኔትወርኩ ሁሉ ቢሞት እንኳ በዚያች ቀዳዳ ኬብል ሰክቶ ማሽኑን ማነጋገር ይቻላል። ግን ኬብሉን የሚሰካ ሰው እዚያው አጠገቡ መቆም አለበት።

ጋሽ ዘውዴ ይህን የፈቱት በአንድ አሮጌ ፋየርዎል ነው። ፋየርዎል የኔትወርክ ዘበኛ ነው፤ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስን ሣጥን። ሐጂ ጀማል ከአንድ ዕቃውን ከሚለውጥ ቢሮ በርካሽ የገዙትን እያገላበጡ አዩትና ጎኑ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ኮንሶል ኬብል ዘረጉ። ሲም ካርድ አበጁለት፤ አንቴናውን ማማው ጫፍ ላይ ሰቀሉለት። ከዚያ በኋላ ሞያሌ ቢሮ ቁጭ ብለን በሲሙ በኩል ፋየርዎሉ ዘንድ እንገባለን፤ እሱ ደግሞ እያንዳንዱን መሣሪያ በጀርባው በኩል ያገናኘናል።

ሐጂ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። "ምዜ፣ ይሄ እኮ አስካሪ ነው። አስካሪ በር ይጠብቃል እንጂ ሌላ ሥራ ምን አገባው?" አሉ። አስካሪ ያሉት ዘበኛን ነው።

"ሐጂ፣ ግቢዎ ያለው አስካሪ በር ብቻ ነው የሚዘጋው? እገሌን ጥራልኝ ሲሉት ገብቶ አይጠራልዎትም?"

"ይጠራል።"

"ይሄም ይጠራል።"

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ሣጥኑም ከዚያ ወዲያ ዘበኛው ተባለ።

አሠራራቸውን ብታዩ ማሽን ሳይሆን ትልቅ ሰው የሚያነጋግሩ ይመስላችኋል። የማስገቢያዋን ቁልፍ አንዴ ይነኩና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ማሽኑ ስሙን ጽፎ ሲመልስ "አቤት አለ" ይላሉ፣ ረክተው። እኔ ችኩል ነኝ፤ ካልመለሰልኝ ቁልፏን እደበድባታለሁ። "ተይው እንጂ፣ ሰምቶሻል" ይሉኝ ነበር። አንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ምልክት ሞላና "ተቃጥሏል" ብዬ ፈረድኩ። ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ገበያ ሄደሽ እንደምን ዋሉ ስትይው በቦረንኛ የመለሰልሽን ሰውዬ አሞታል ትያለሽ?" አሉኝ። እኛ የምንናገርበትንና ማሽኑ የሚናገርበትን ፍጥነት አንድ ሲያደርጉት ጽሑፉ ተስተካከለ። ኬብሎቹንም ራሳቸው ነበር የሚሠሩት፤ የአንዱ መናገሪያ ሽቦ ከሌላው መስሚያ ጋር መገናኘት አለበትና እያንዳንዱን ሲያስገቡ "አፍ ከጆሮ፣ ጆሮ ከአፍ" እያሉ ያጉተመትማሉ። እንደ ጸሎት ነበር የሚሉት።

አንድ የማይሻር ሥርዓት ነበራቸው፤ ስሙ አደራ ነው። ሩቅ ያለ ማሽን ላይ ለውጥ ከመጀመርሽ በፊት "በዚህ ሰዓት ራስህን አጥፍተህ ተነሳ" ብለሽ ታዢዋለሽ። ሥራው ከተሳካ ትዕዛዙን ትሰርዢና ለውጡን ታስቀምጫለሽ። ተሳስተሽ በሩን በራስሽ ላይ ከዘጋሽው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል፤ ያላስቀመጥሽውን ለውጥ ረስቶ በድሮው ደንብ ይከፍትልሻል። "አደራውን ሰጠሽ?" ሳይሉ ምንም አያስነኩም። ደግሞም ሰዓት ከመስጠት በፊት ማሽኑን "አንተ ዘንድ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ከአሁን ጀምሮ በዚህን ያህል ደቂቃ ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል ነግሬያቸው ነበር። "ሬዲዮ ላይ ቀጠሮ በሰዓት ነው" ብለው ዘጉኝ። ግትር ነበሩ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ያ ቀን የመጣው እኔ ይህን ሁሉ አውቄ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከጎዶማ አለፍ ብላ ባለች መንደር የተከልነው ማማ ላይ ያለውን የዘበኛውን ደንብ እንድለውጥ ተወስኖ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ደረታቸውን ስላመማቸው ሆስፒታል ወረፋ ይዘዋል። እኔ ቢሮ ብቻዬን ነኝ፤ በስልክ ነው የምንነጋገረው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይሆናል።

"አደራውን ለአራት ሰዓት ስጪ" አሉኝ።

"አራት ሰዓት። እሺ ጋሽ።"

"ሰዓቱን ጠየቅሽው?"

አልጠየቅኩትም። ቸኩያለሁ፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። እንደ ሕፃን በየቀኑ አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ያበሳጨኝ ነበር። "አዎ" አልኳቸው።

ጣቴ አራት ሲባል ሰምታ አራት ጻፈች። ማሽኑ ዘንድ ግን አራት ሰዓት ማለት ሊነጋ ሲል ነው፤ የዚያን ቀኑ ደግሞ አልፏል። ስለዚህ አደራዬን ለነገው ንጋት ያዘው። ሰዓቱን ጠይቄው ቢሆን ዘጠኝ ከሃያ ብሎ ይመልስልኝ ነበር፤ እኔም ወዲያው ይገባኝ ነበር። ቀጥዬ ደንቡን ለወጥኩ። ለሁሉም ዝጋ የሚለውን መስመር አስገብቼ ለኛ ቢሮና ለመንደሯ ክፈት የሚለውን ሳላስገባ የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ዘበኛው በሩን ጠረቀመው፤ ከውጭ የሚመጣውንም፣ ከውስጥ የሚወጣውንም። ወደ ሌሎቹ መሣሪያዎች የምንገባው በሱ በኩል ስለሆነ የጀርባው መንገድም አብሮ ተዘጋ።

አልደነገጥኩም። ደውዬ ነገርኳቸው። "አደራው አለ፤ አራት ሰዓት ይከፈታል" አሉኝ። ሻይ አዝዤ ጠጣሁ። አራት ሰዓት ሆነ፤ አልተከፈተም። አራት ከሩብ ሆነ። ጋሽ ዘውዴ የሆስፒታል ካርዳቸውን በእጃቸው እንደያዙ መጡ። ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ። ኮምፒውተሩንና ኬብሉን ቦርሳ ውስጥ ከተው ቦዳ ቦዳ ጠሩ። እንደዚያ እየሳሉ።

በዚያች መንደር የስልክ ኔትወርክ አይገባም፤ ማማው ጫፍ ላይ ብቻ ነው የሚያዘው። ሰዉ የሚደዋወለው በኛ ኢንተርኔት ነው። ሐሊማ የምትባል ወተትና ስኳር የምትሸጥ ሴት ከንጋት ጀምራ ክሊኒኩ ውስጥ ምጥ ላይ ነበረች። ነርሷ ነገሩ እንዳላማራት ስታውቅ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አነሳች፤ መስመር የለም። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል ብላ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ኔትወርክ ካለበት ደርሶ እንዲደውል በሞተር ሳይክል ሰው ላከች። ጋሽ ዘውዴ መንገድ ላይ ሳሉ አምቡላንሱ አቧራ አልብሷቸው አለፈ። ለማን እንደሚሄድ አላወቁም።

ሐሊማ ሆስፒታል ደርሳ ተገላገለች፤ ልጁ ግን በሕይወት አልነበረም። ወንድ ነበር። ነርሷ በኋላ "ቶሎ ቢመጣም ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም" ብላለች። እኔ በዚህ ተጽናንቼ አላውቅም።

ጋሽ ዘውዴ የተመለሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ኮታቸው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ሆኗል። ቁጭ አሉ። ዘበኛው የተጻፈለትን ትዕዛዝ ሁሉ መስመር በመስመር መዝግቦ ያስቀምጣል፤ እሳቸውም አንብበውታል። ሰዓቱን የጠየቅኩበት መስመር እዚያ እንደሌለ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ።

"ሰዓቱ ነው" አሉኝ። "እኔ አራት ያልኩት በኛ ነው፤ የገባው በማሽኑ ነው።"

ራሴን ነቀነቅኩ። ጠበቁኝ።

"ሌላ የምትነግሪኝ አለ?"

"የለም" አልኩ።

በሳምንቱ የመንደሯ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሐጂ ጀማል፣ ጋሽ ዘውዴና እኔ ሄድን። ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ በክብ ተቀምጠዋል፤ ሐሊማ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ናት። ጋሽ ዘውዴ ቆመው በቦረንኛ ተናገሩ፤ ቋንቋውን ስለምሰማ አንድም ቃል አላመለጠኝም። "ሰዓቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። አራት ያልኩት በናንተና በኔ ነበር፤ ማሽኑ በፈረንጅ ሰማው። ጥፋቱ ከኔ አፍ ነው የወጣው" አሉ። ሁሉም ገባው። በሰዓት ያልተሳሳተ ማን አለ? ሽማግሌዎቹ "ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው" አሉና ዱዓ አደረጉ። ያኔ ሐሊማ ተነሳች። ድምጿ ጮክ አላለም።

"ይሄ ሰውዬ እግሩ እዚህ መንደር አይደርስም። እስኪሞት ድረስ።"

ጋሽ ዘውዴ ጎንበስ ብለው "እሺ ልጄ" አሉ። እኔ እጄን ጉልበቴ መሃል ቆልፌ መሬት መሬት አይ ነበር። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አልነበረም። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ያቺ ሴት እኔን በዚያ ዓይን እንዳታየኝ ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት ማማው ሰው በፈለገ ቁጥር አብረን እንሄድና የመንደሯ መታጠፊያ ስንደርስ ይወርዳሉ። እኔ እገባለሁ፤ እሳቸው ከመንገዱ ዳር የግራር ጥላ ፈልገው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ሆነው ሥራውን በወረቀት ስለው ሰጥተውኝ ይልኩኛል። ሁለተኛ ፋየርዎል ያስገባነው እንደዚያ ነው፤ አንዱ ዘበኛ ቢዘጋ ሌላው በኮንሶሉ በኩል እንዲያስከፍተው፣ ኬብሉን መታጠፊያው ላይ ሠርተው ሰጡኝ። አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ ላሞች የሚነዱ ሰዎች ከበዋቸው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ግን አንድ እርምጃ አልፈው አያውቁም።

የእጅ ሰዓታቸውንም ቀየሩት። ከሽማግሌዎቹ ጉባኤ በተመለስን ማግስት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አዙረውት አየሁ። ሰው ስንት ሰዓት ነው ሲላቸው ያዩትና በልባቸው ስድስት ቀንሰው፣ ወይም ጨምረው፣ ትንሽ ዘግይተው ይመልሳሉ። በዚያ ዕድሜያቸው ሰዓት መቁጠር እንደ አዲስ ሲማሩ ማየት ለኔ ቅጣት ነበር። የሚያውቁ አይመስለኝም። ወይ ያውቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። መታጠፊያው ላይ ቦዳ ቦዳ ስንጠብቅ "ጋሽ፣ ያን ቀን እኮ…" ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ። ተቆጥተው አይደለም።

"እኔ አራት ሰዓት ብያለሁ። እሱን ተናገርኩ፤ የራሴ ነው። አንቺ ያልሽውን የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ለኔ ግን አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

ለማን እንደሆነ ገብቶኛል። ከመንገዱ እስከ ሐሊማ ሱቅ በእግር ብዙ አይርቅም። "ዛሬ ደክሞኛል" አልኩ በልቤ፤ "በሚቀጥለው።" ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያባብል ለማወቅ እኔን ማየት ይበቃል። በሚቀጥለውም፣ በሚቀጥለውም ሱቋ በር ላይ አልፌ ሄድኩ። አንድ ቀን "ሀባሪ፣ የኢንተርኔት ልጅ" ብላ ሰላም አለችኝ። እጄን አውለብልቤላት ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

ያ ሳላቸው አልተዋቸውም። በዚህ ዓመት አልጋ ላይ ዋሉ። ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ ማማዎቹ ይጠይቁኝ ነበር፤ ጎዶማ ደህና ነው? ባትሪው ያዘ? እኔም ስለ ባትሪው እለፈልፋለሁ። ስጨርስ ያዩኛል፤ ያን ቀን ምሽት እንደጠበቁኝ ይጠብቁኛል። ተነስቼ ትራሳቸውን አስተካክልና እወጣለሁ። መጨረሻ ያየኋቸው እንደዚያ ነው።

ያረፉት ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ ቀበርናቸው። ድንኳኑ ከሁለቱም ሞያሌ በመጣ ሰው ሞላ፤ ቄሱም ነበሩ፣ የመስጊዱ ሰዎችም ነበሩ። እኔ ውሃ ሳዞር ሁለት ነጋዴዎች ስለሳቸው ሲያወሩ ሰማሁ። "ሰው ነበር" አለ አንደኛው፤ "ነጃሺን እንኳ የሚያስቀና ሰው። ያቺ የጎዶማዋ ነገር ብቻ ባትኖር።" ሌላው "እሷማ፣ ፖሌ፣ ታሳዝናለች፤ የሰው ነፍስ ናት" ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ውሃውን እዚያው አስቀምጬ ወጣሁ። የሠልስቱ ዕለት ጠዋት፣ ማንንም ሳላማክር፣ ቦዳ ቦዳ ይዤ ሄድኩ።

ሐሊማ ሱቋ ፊት ለፊት ጀሪካን ታጥባለች። ሁለት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች፤ ከዚያ በኋላ የወለደቻት ናት። "ኮቱ፣ ታኢ" አለችኝ፤ ነይ፣ ተቀመጪ ማለቷ ነው። ወተት ያለው ሻይ ቀዳችልኝ። አማርኛዋ ድንበር ተሻግራ ስትሸጥ የለመደችው ነው፤ ስትናገር እያንዳንዱን ቃል ታስቀምጠዋለች። ሰምታለች። "ያ ሰውዬ ሞተ አሉኝ" አለች።

ሻዩን ሳልቀምስ ነገርኳት። ያኔ ሰዓቱን ጠየቅሽው ወይ ብለው እንደጠየቁኝ፣ ሳልጠይቅ አዎ እንዳልኩ፣ ጠይቄው ቢሆን ማሽኑ በአራት ሰዓት ተነስቶ መስመሩ ይከፈት እንደነበረ፣ ነርሷ ስልኳን ያነሳችው ልክ በዚያው ሰዓት እንደነበረ። ቃሌ እየተቆራረጠ ነበር። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በቦረንኛ አስደገመችኝ፤ በትክክል መስማቷን ማረጋገጥ ፈልጋለች።

"እሱ ያውቃል?"

"ያውቁ ነበር።"

"ከመቼ?"

"ከዚያኑ ቀን ጀምሮ።"

ጀሪካኑን ዘቅዝቃ ውሃውን አፈሰሰችው። ልጇን ሳብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። እንድትጮህብኝ፣ አፈር እንድትበትንብኝ ነበር የጠበቅኩት፤ እሱ ይሻለኝ ነበር።

"ባለፈው ሳምንት ሐጂን ላከብኝ" አለች። "ሐጂ እዚህ፣ አንቺ አሁን ያለሽበት ተቀመጠ። ምዜ ሊሞት ነው፤ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብሏል አለኝ። እኔ ምን አልኩ? ሂድ ከልጄ ይጠይቅ አልኩት። ሐጂ ለመነኝ፣ አለቀሰ። እምቢ አልኩ። ይሄንን ወስዶ ነገረው።"

ይህን አላውቅም ነበር። ሐጂ ለማንም አልተናገሩም። ጋሽ ዘውዴ አልጋቸው ላይ ሆነው ያን መልስ እንደሰሙ፣ እኔም በማግስቱ ገብቼ ስለ ባትሪ እንዳወራሁላቸው ያኔ ነው የገባኝ። ተንበረከክኩ። "ሐሊማ፣ አፉ በይኝ" አልኳት። "ለዚህ ነው የመጣሁት።"

አላነሳችኝም፤ አልገፋችኝምም። የልጇን ፀጉር እየነካካች ከኔ በላይ ወደ መንገዱ ታያለች።

"አንቺን አፉ ብያለሁ" አለችኝ። "ወላሂ፣ ከልቤ ነው፤ ተነሺ፣ ሂጂ። እኔን አፉ የሚለኝ ሰውዬ ግን ቀብራችሁታል።"